ተሐድሶ ከየት ይጀምራል?

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 12፥4-15፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥1-2



"ቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ያስፈልጋታል" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የዝማሬ ወይም የመሪ ለውጥ ነው። የዛሬው ክፍላችን ግን ከገንዘብ ሣጥን ይጀምራል።

ንጉሡ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት እንዲጠገን አዘዘ። ሕዝቡ ሰጠ፣ ካህናቱ ተቀበሉ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን የፈረሰው ገና አልተጠገነም። ልብ በሉ፤ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ገንዘቡ ገባ፣ ሥራው ግን አልታየም። ታዲያ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛው ላይ ቀዳዳ አበጀና ከመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለት ሆነው ቆጠሩ። ከዚያ ለአናጢውና ለግንበኛው ተከፈለ፤ ቤቱም ተጠገነ።

ማርቲን ሉተርም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1517 ዓ.ም. 95 ነጥቦቹን ሲያወጣ የተነሣው የኃጢአትን ቅጣት ያስቀራል ተብሎ በገንዘብ በሚሸጥ ወረቀት ምክንያት ነበር። ሣጥኑ ሲበላሽ ወንጌሉም አብሮ ይበላሻል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ኢስሊ አንዲት እናት የሰው ልብስ አጥባ ካገኘችው ላይ 50 ሽልንግ መባ ትሰጣለች እንበል። የራሷ ኪራይ ገና አልተከፈለም። ገንዘቡ በኤምፔሳ አንድ ወንድም ስልክ ውስጥ ይገባል። ማንም አይጠይቅም፤ "ወንድምን መጠርጠር ኃጢአት ነው" እንላለን። መጠየቅ እኮ መጠርጠር አይደለም! ጳውሎስ እንኳ ለቅዱሳን የተሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ይህ ወንድምንም ከፈተና ይጠብቃል።

አገልጋያችንን "መጋቢ" እንላለን። መጋቢ የጌታው ንብረት ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። እኛም ስደተኛ ብንሆን በጊዜያችን፣ በጉልበታችን፣ በራሽናችንም ላይ መጋቢዎች ነን።

ስለዚህ ከዚህ እሑድ ጀምሮ መባው በሁለት ሰው ይቆጠር፣ በደብተር ይጻፍ፣ በወሩ መጨረሻ ለጉባኤው ይነበብ። ኪራይ ያቃታት እናትም ከዚያው ትታሰብ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በኅብረታችን መባውን ማን ይቆጥራል? ለማንስ ይነገራል?
2. እኔ በአደራ ተቀብዬ ያልመለስኩት ነገር አለ?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ቤትህን ስታድስ ከእኔ እጅ ጀምር። አሜን።