የልብስ ነጋዴና የስፓኝ ቋንቋ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የተሠራውን ሸማ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ ሁሉ የገዢውን ቋንቋ በልብስ ስም መጀመር ይጠቅመዋል። ስሙ በተሳሳተ ትዕዛዝ የሚላክ ዕቃ ተመላሽ ይሆናልና፤ የማጓጓዣውም ኪሳራ በላኪው ላይ ይወድቃል።

የስፓኝ ቋንቋ ለጀማሪ እጅግ የከበደ አይደለም። ጓንቲና ካልሲ የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከኢጣልያ ቋንቋ ሲሆን፣ እርሱም የስፓኝ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጓንቲ «ጓንቴስ»፣ ካልሲ «ካልሴቲኔስ» ይባላል። ሸሚዝ «ካሚሳ»፣ ሱሪ «ፓንታሎን»፣ ካፖርት «አብሪጎ»፣ ጫማ «ሳፓቶስ»፣ የልብስ ልክ ደግሞ «ታያ» ነው።

ይሁን እንጂ አንዱ ቃል በየአገሩ የተለያየ ዕቃ ያመለክታል። «ሜዲያስ» በስፓኝ የሴቶች ረጅም ስስ ካልሲ ሲሆን፣ በኩባና በአርጀንቲና ተራ ካልሲ ነው። «ፑሎበር» በአርጀንቲና ሹራብ፣ በኩባ ግን ካናቴራ ነው። ጉርድ ቀሚስንም የስፓኝ ሰው «ፋልዳ» ሲለው፣ ኩባዊው ብዙ ጊዜ «ሳያ» ይለዋል።

ይህን መለየት ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የተለየ ጥቅም አለው። በ1970ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ፣ የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረዋል፤ ከእነርሱ አንዱን አስተርጓሚ አድርጎ መያዝ መልካም ነው። ነገር ግን የለመደው የኩባውን አነጋገር ስለሆነ፣ ከአርጀንቲና የመጣውን የ«ፑሎበር» ትዕዛዝ ካናቴራ ነው ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። ጥፋቱ የገዢውን አገር ሳይነግረው ያስተረጎመው ነጋዴ ነው።

የጎጃም ሸማኔ የሚሠራው ጋቢ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በስፓኝ «ማንታ» ቢባል ገዢው የሚረዳው ብርድ ልብስ ነው፤ በሜክሲኮ ግን «ማንታ» ተራ የጥጥ ጨርቅ ማለት ሲሆን፣ ብርድ ልብሱ «ኮቢሃ» ይባላል። ስለዚህ «ጋቢ» የሚለው ስም ሳይለወጥ ይጻፍ፤ ከጎኑም አራት ድርብ መሆኑ፣ ቁመቱ፣ ወርዱ፣ ክብደቱ፣ ከጥጥ ወይም «አልጎዶን» መሠራቱ ይገለጽ።

ተማሪው በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ያስምር፤ በመጀመሪያው የአማርኛውን ስም፣ በሁለተኛው የስፓኙን፣ በሦስተኛው ቃሉ የሚነገርበትን አገር፣ በአራተኛው የዕቃውን መልክና ልክ ይጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ቃል ገና አልተጠናም። ቀብድ ከመቀበሉም በፊት ናሙና ልኮ፣ ገዢው ያንኑ ዕቃ ማዘዙን በጽሑፍ ያስረጋግጥ።