ለቄሣርና ለእግዚአብሔር፦ ስለ ሃይማኖት ነፃነትና ስለ መንግሥትና ሃይማኖት መለያየት



በየቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ቤተ ክርስቲያን የእውነት ሙላት በእርስዋ ዘንድ እንዳለ ታስተምራለች፤ ታዲያ ሰው ሌላ እምነት ለመያዝ መብት አለው ማለቷ እንዴት ነው? ለስሕተት መብት ይሰጣልን?» ይህን ተከትሎ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ካለ፣ እኛ ክርስቲያኖች በሀገራችን ጉዳይ ዝም ልንል ነውን?» እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ ምእመን በእምነቱ የደከመ ነው ብለን ልንገሥጸው አይገባም። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የተሰበሰቡ ብፁዓን ጳጳሳትም በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ተከራክረውበታል።

የጉባኤው አባቶች ክርክር

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ያወጣው መግለጫ በላቲን ስሙ «ዲግኒታቲስ ሑማኔ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የሰብአዊ ክብር» ማለት ነው። የጸደቀው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1965፣ ጉባኤው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። 2308 አባቶች ደገፉት፣ 70 ተቃወሙት። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ነገሩ ያለ ችግር ያለፈ ይመስለዋል፤ ሆኖም ከጉባኤው ሰነዶች ሁሉ ይህን ያህል ብርቱ ክርክር ያስነሡት ጥቂቶች ናቸው።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ካርዲናል ኦታቪያኒና ሊቀ ጳጳስ ለፌቭር ይገኙ ነበር። እነርሱ የሚጠቅሱት በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ነው፤ ፒዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1864 ካወገዟቸው አስተሳሰቦች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት፣ መንግሥትም ከቤተ ክርስቲያን ይለይ የሚለው ነበር። ይህን ውግዘት ዘመኑን ሳናይ ብናነበው እንሳሳታለን። በዚያ ዘመን «መለያየት» የሚሉ ብዙ መንግሥታት በተግባር ገዳማትን ይወርሱ፣ መነኮሳትንና ደናግልን ያሳድዱ ነበር። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1905 የመለያየቱን ሕግ ያወጣችው ቤተ ክርስቲያንን ሳታማክር ነው፤ ፒዮስ 10ኛ በዓመቱ አወገዙት። ስለዚህ ብዙ አባቶች «መለያየት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በጆሯቸው የሚያቃጭለው ስደት ነበር።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ከሁለት የተለያዩ ዓለማት የመጡ ነበሩ። የአሜሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ የማምለክ ነፃነትንም እንዳይከለክል በሕግ በተወሰነበት ሀገር ይኖሩ ነበር፤ በዚያም ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ያለ መንግሥት ድጋፍ አድጋለች። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት፣ ከእነርሱም መካከል በኋላ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የተባሉት የክራኮቭ ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ፣ እግዚአብሔርን በሚክድ መንግሥት ሥር ነበሩ፤ የሃይማኖት ነፃነት ለእነርሱ የየዕለት ኑሮ ጉዳይ ነበር። በመካከላቸው ሆኖ የነገሩን ሥነ መለኮት ያብራራው ኢየሱሳዊው አባ ጆን ኮርትኒ መሪ ነው። ይህ ካህን በ1950ዎቹ በዚህ ጉዳይ መጻፉን እንዲያቆም በአለቆቹ ታዝዞ ታዘዘ፤ ለመጀመሪያው የጉባኤ ዙር አልተጠራም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ግን በባለሙያነት ገባ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1964 ድምፅ መስጠቱ በድንገት ሲተላለፍ በመቶ የሚቆጠሩ ጳጳሳት ለጳውሎስ 6ኛ አቤቱታ አቀረቡ። ረቂቁ እንደገና ተሠርቶ በዓመቱ ጸደቀ። እኛ እንደምናስበው መዘግየቱ ጠቅሟል፤ ሰነዱ የተጠናከረው በተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ተፈትኖ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዴት መለሰው? «ስሕተት መብት የለውም» የሚለው የጥንቱ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መብት የሚባለው ነገር የትምህርት ወይም የሐሳብ ሀብት ሊሆን አይችልም። መብት ያለው ሰው ነው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ፣ አእምሮና ፈቃድ የተሰጠው ስለ ሆነ፣ በእምነት ነገር ግለሰብም ሆነ ማኅበር ወይም ማንኛውም ምድራዊ ሥልጣን ሊያስገድደው አይገባም። ኅሊናውን የሚፃረር ነገር እንዲያደርግ አይገደድም፤ በተገቢው ወሰን ውስጥም ኅሊናው እንደሚያዘው ከማድረግ አይከለከልም። እዚህ ላይ መምህራን በጥንቃቄ የሚያስረዱት ነገር አለ። ጉባኤው «ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው» አላለም። ሰው ሁሉ እውነትን የመፈለግ፣ ካገኘም በኋላ የመከተል ግዴታ በእግዚአብሔር ፊት እንዳለበት በዚያው ሰነድ ገልጿል። ይህን ግዴታ በእውነት ሊፈጽም የሚችለው ግን ነፃ የሆነ ሰው ነው። ሀብታሙ ወጣት አዝኖ ሲሄድ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ልኮ አላስመለሰውም።

ሰነዱ በቁጥር 12 አንድ ከባድ ቃል ይናገራል፦ በእግዚአብሔር ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ከወንጌል መንፈስ ጋር እምብዛም የማይስማማ፣ እንዲያውም የሚቃረን አሠራር አንዳንድ ጊዜ እንደ ነበረ ያምናል። ይህን ቃል ስናነብ ሐሳባችን ወደ ሩቅ ሀገር መሄድ የለበትም።

ከገዛ ታሪካችን

አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። አባ ፔድሮ ፓኤዝ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በትምህርትና በትዕግሥት ይሠራ ነበር፤ እርሱም ያረፈው በዚያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በ1626 ንጉሠ ነገሥቱ ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ አስታወቁ፤ ከዚያም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ በዓላቱና ጾሙ በላቲን ሥርዓት እንዲለወጡ በአዋጅ ተፈለገ። ዓመፅ በየስፍራው ተነሣ፤ የላስታው መልክአ ክርስቶስም ብዙ ተከታይ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ በጦርነቱ ድል አደረጉ፤ ሆኖም በሜዳው የወደቁት የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ። ያን ጊዜ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፓትርያርኩና ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ1638 ወደ ጎንደር የገቡት ሁለት የካፑቺን ካህናት፣ ብፁዕ አጋታንጀሎስና ብፁዕ ካስያኖስ፣ ተሰቅለው ሞቱ። በአዋጅ የመጣ እምነት በአዋጅ ሄደ፤ «ካቶሊክ» የሚለው ስምም ለብዙ ትውልድ በሕዝቡ ዘንድ የሚያስፈራ ስም ሆኖ ቀረ።

ሁለት መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጎጃም የተወለደው መነኩሴ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብፅና ወደ ሮም በተጓዘው የልዑካን ቡድን ውስጥ ሆኖ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ከሚላቸው አባት፣ ጋር ተዋወቀ። ጻድቁ አቡነ ያዕቆብ ማንንም አላስገደዱም፤ የሀገሩን ቋንቋና ሥርዓት አክብረው ኖሩ። ገብረ ሚካኤል ለብዙ ጊዜ ጠይቆና መርምሮ በ1844 ካቶሊክ ሆነ፤ በ1851 ቅስና ተቀበለ። ከዚያ ታሰረ፤ እምነቱን እንዲክድ ተገረፈ፤ በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር እየተጎተተ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1855 ሞተ። ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናውን አወጁ።

ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን የምንነግራቸው የብፁዕ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ብቻ ነው። ይህ የሚገባ ነው፤ የሱስንዮስን ዘመን የሚያልፍ መምህር ግን ግማሹን አስተማረ። ያው ሕግ በሁለቱም ታሪኮች ተጥሷል፤ አንድ ጊዜ ሥልጣኑ ከእኛ ጋር ነበረ፣ ሌላ ጊዜ በእኛ ላይ ነበረ። መከራውም የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። በተከታዩ ዓመት አቡነ ማስያስ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ግዳጅ ግብዝነትን እንጂ እምነትን እንደማይወልድ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

መለያየት ሲባል

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሰየመ፤ በአንቀጽ 40 ደግሞ የሌሎችን አምልኮ እንደማይከለክል ገለጠ። ከዚያ በፊት በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ ሀገሪቱን ለሚስዮናውያን ክፍት በሆኑና ባልሆኑ አካባቢዎች ከፍሏት ነበር። በዚያ ዘመን «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው ቃል በሁሉ አፍ ነበር። መልካም ቃል ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቷል። ሆኖም ሙስሊሞች በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እኩልነትን ጠይቀው በብዛት ሰልፍ የወጡት፣ ቃሉና ሕጉ ስላልተገናኙ ነው።

ደርግ የመንግሥት ሃይማኖት የሚለውን አስቀረ። በዚያው ዘመን በ1971 ዓ.ም. ክረምት ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። ይህን የምናነሣው አንድ ነገር እንዲታይ ነው፦ መለያየት ብቻውን ነፃነት አይሆንም። መንግሥት ሃይማኖትን ከቤተ መንግሥቱ አስወጥቶ ሲያበቃ ተከትሎት ወደ መቅደሱ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 የኤርትራ መንግሥት የእኅታችን ቤተ ክርስቲያን ያስተዳደረቻቸውን ክሊኒኮች ሲወስድ ያቀረበው ምክንያት የሃይማኖት ተቋማትን ሥራ የሚወስን ሕግ ነው። የታመመን መጎብኘት የወንጌል ትእዛዝ መሆኑን ግን ማንም ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ሊፍቀው አይችልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 8፣ የጉባኤው መግለጫ ከወጣ 29 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ብቻውን ቢነበብ ይበቃል ማለት ይቻላል፦ እምነትን የመያዝ፣ የመቀበል፣ በግል ወይም በማኅበር የመግለጽ፣ የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብትን ይሰጣል፤ ማስገደድን ይከለክላል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። እኛ ከሕዝቡ ጥቂቶች ነን፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች 0.7 በመቶ ነበርን። እንደ እኛ ላለ ማኅበር እነዚህ ሁለት አንቀጾች በየዕለቱ የሚያስፈልጉ ጥላ ናቸው።

«ጣልቃ መግባት» የሚለው ቃል ግን እስከ ምን ድረስ ነው? በእኛ አስተያየት መልሱን የሚያቀለው ሥልጣንን ከቃል መለየት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን አትሻም፤ ሕገ ቀኖናችን ካህናት የመንግሥትን ሥልጣን የሚያካፍል ሹመት እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ጉባኤው «ጋውዲዩም ኤት ስፔስ» በተባለው ሰነድ ቁጥር 76 ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እያንዳንዳቸው በየሥራቸው ነፃ መሆናቸውን፣ ቤተ ክርስቲያንም ተስፋዋን መንግሥት በሚሰጣት ልዩ ጥቅም ላይ እንደማታኖር ገልጿል። በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት መልእክት ቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ቦታ ልትወስድ እንደማይገባት፣ ለፍትሕ በሚደረገው ጥረት ግን ዳር ቆማ ልታይ እንደማትችል አስተምረዋል። እንግዲህ ጳጳሳት ስለ ሰላም፣ ስለ ተፈናቀሉ ወገኖች፣ ስለ ድኻ መብት ሲናገሩ መንግሥት አይሆኑም። ምእመናን ደግሞ ከዚህ አልፈው ዜጎች ናቸው፤ ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ ይሾማሉ፤ ኅሊናቸውንም ቤት ትተው አይሄዱም።

በየቁምስናው

የመምህራን ሥራ በተለይ የሚፈተነው በትናንሽ ነገሮች ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ካቴኪስት የክፍሉን ሰዓት ለትምህርተ ክርስቶስ ሊጠቀምበት አይችልም፤ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ ተማሪዎቹም የሌሎች ወላጆች ልጆች ናቸው። በእኛ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ኦርቶዶክሳውያን፣ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶችም በቅዳሴ እንዲገኙ ማስገደድ አይገባም። ስለ እርዳታ ደግሞ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ በቀኖና 586 ግልጽ ነው፦ ማንንም በማስገደድ ወይም ተገቢ ባልሆነ ዘዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት በጥብቅ ክልክል ነው። የላቲን ሥርዓት ሕግም በቀኖና 748 እምነትን በግዳጅ ማስያዝ ለማንም እንደማይፈቀድ ይደነግጋል። ስንዴ በሚታደልበት ቀን የንዑሰ ክርስቲያን ስም መመዝገቢያ ደብተር በዚያው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው የሌላውን መብት መጠየቅ ነው። እኛ ለመቃብር ቦታ ወይም ለጸሎት ቤት መሬት ስንጠይቅ አንቀጽ 27ን እንጠቅሳለን። በዚያው ከተማ ሌላ ማኅበር ያንኑ ሲከለከል አብረነው ወደ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን ወይ? በሚመጣው የመምህራን ስብሰባ ይህ ጥያቄ ቢቀርብ እንወዳለን። ከእርሱም ጋር ሁለት ይታከሉ፦ በቁምስናችን ውስጥ በእምነት ነገር ግዳጅ የሚመስል ልማድ አለ ወይ፤ የሱስንዮስንስ ዘመን ለልጆች የምናስተምረው በስንተኛው የትምህርት ዓመት ነው?