የዕጣን ዛፍን ሳይጎዱ ማድማት

በመተማ፣ በቋራና በአበርገሌ ቆላ ለሚኖር አርሶ አደር የዕጣን ዛፍን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። እህል የማያበቅለውን ድንጋያማ ተዳፋት ገቢ የሚያስገኝ ያደረገው ይኸው ዛፍ ነው። ችግሩ በብዙ ጫካ የቆሙት ዛፎች ያረጁ መሆናቸውና የሚተካቸው ወጣት ዛፍ አለመኖሩ ነው።

ምክንያቱን ከአበባው እንጀምር። ዛፉ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ያብባል። ቅጠል ስለሌለው አበባውንና ፍሬውን የሚያወጣው በክረምት ካከማቸው ምግብ ነው። እኛም የምናደማው በዚሁ በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ዕጣኑና ዘሩ የሚወጡት ከአንድ ጎተራ ነው ማለት ነው። ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ ጥቂት ዘር ይሰጣል፤ ያም ዘር ቀላልና በደንብ የማይበቅል ይሆናል።

ስለዚህ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዛፍ አይደማም። መለኪያ ከሌላችሁ በደረት ቁመት ላይ ገመድ አዙሩ፤ ዙሪያው 31 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ እለፉት። በመንጋፍ ስትልጡ ቅርፊቱን ብቻ በስሱ አንሱ። እንጨቱ ከታየ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ለነቀዝም በር ይከፍታል። ዕጣን ለቅማችሁ ቁስሉን የምታድሱት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይታችሁ ይሁን። ቁስል ማብዛት ምርት ማብዛት የሚመስላቸው ቅጥር ሠራተኞች አሉ። በኪሎ የሚከፈለው ሰው የሚያስበው ለዘንድሮ ነው፤ ቁጥጥሩ የእናንተ ድርሻ ነው።

ጫካውን በክፍል ከፍላችሁ በየተራ አሳርፉ። ጤነኛ የሆኑ ጥቂት ዛፎችን ደግሞ ለዘር ምልክት አድርጋችሁ ጭራሽ አታድሙ።

ዘር መገኘቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ቡቃያው በየበጋው ከላይ ይደርቅና በክረምት ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በዚህ ሁኔታ ዓመታት ይቆያል። ከብትና ፍየል ከጋጡት፣ እሳትም ከደረሰበት ግን ዛፍ ሳይሆን ይቀራል። አንድ ክረምት ብቻ ከልሎ መልቀቅ ልፋት ነው፤ ቡቃያው ከፍየል አፍ በላይ እስኪያድግ ይከለል። ሣሩ ለከብት ካስፈለገ ታጭዶ ይወሰድ፣ አጫጁም ቡቃያውን ለይቶ ይተው። በጥቅምት ሣሩ ሳይደርቅ በክልሉ ዙሪያ የእሳት መከላከያ መስመር ጥረጉ።

ባዶ ቦታ ካላችሁ ከጤነኛ ዛፍ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ዝናብ ከመግባቱ በፊት መትከል ትችላላችሁ።