ምን ልወቅ?

«ምን ልሁን?» የሚለው ጥያቄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰን ልጅ ሁሉ እንቅልፍ ይነሳል። ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሳይቀር ደውሎ ይጠይቃል። የሚጠበቀው መልስ የሙያ ስም ነው፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንድታስቀድሙ እፈልጋለሁ፤ ምን ልወቅ? ዕድሜዬን ብሰጠው የማይቆጨኝ ጥያቄ የትኛው ነው? ይህን አጥብቀው የያዙ ጥቂት ሰዎች የደም ማነስንና የካንሰርን ሕክምና ለውጠውታል። ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር ጉልበት አገኛለሁ፤ ለእናንተም እንዲተርፍ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዩጂን ጎልድዋሰር ልጀምር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበሩ። በ1955 ሊዮን ጃኮብሰን የተባሉት አለቃቸው አንድ ሥራ እንዲሞክሩ ገፋፏቸው። ሰው ደም ሲያንሰው ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዝ አንዳች ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳለ ይገመት ነበር። ኢሪትሮፖይቲን የሚል ስም ወጥቶለታል፤ አጥርቶ በእጁ የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ጎልድዋሰር የጥቂት ወራት ሥራ መስሏቸው ገቡበት። ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

መጀመሪያ ንጥረ ነገሩ ከየት እንደሚመነጭ መታወቅ ነበረበት። የተከተሉት መንገድ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት አድካሚ ነው፤ የአይጦችን የአካል ክፍሎች በየተራ በቀዶ ጥገና እያወጡ፣ የትኛው ሲጎድል ደም የማምረቱ ትእዛዝ እንደሚቋረጥ ማየት። ይህኛው አይደለም፤ ያኛውም አይደለም። በ1957 ኩላሊት መሆኑ ተገለጠ። ኩላሊት መሶቡ መጉደሉን አይታ ጋጋሪዋን እንደምትቀሰቅስ እመቤት ነው የሚሠራው፤ የሚደርሰው ኦክስጅን ሲያንስ ለአጥንት መቅኔ መልእክት ይልካል፣ መቅኔውም ቀይ ሕዋሳትን ማምረቱን ያፋጥናል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደም የሚያንሳቸው በዋናነት ለዚህ ነው። መቅኔው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ የሚቀሰቅሰው ያጣል።

ቀጥሎ ንጥረ ነገሩን ራሱን መያዝ መጣ። በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ጎልድዋሰርና ባልደረቦቻቸው በመድኃኒት ደማቸው እንዲያንስ የተደረጉ በጎችን ደም ከቄራ እየሰበሰቡ ለዓመታት ሲያጣሩ ኖሩ። በ1971 ከበግ ደም የጠራ ኢሪትሮፖይቲን ማግኘታቸውን አሳወቁ። ይሁን እንጂ የተገኘው ለሕክምና የሚበቃ አልነበረም፤ የሰውም አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት ለፍቶ እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ቢኖር ማንም አይፈርድበትም። እሳቸው ግን የሰውን ፍለጋ ቀጠሉ።

የጎደለው የመጣው ከጃፓን ነው። በኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ታካጂ ሚያኬ፣ መቅኔያቸው ደም ማምረት ያቃተው ሕሙማን ሽንት በዚህ ንጥረ ነገር የበለጸገ መሆኑን ያውቁ ነበር። 2,550 ሊትር ሽንት ሰበሰቡ። አድርቀው፣ በሐር ጨርቅ ጠቅልለው በ1975 ቺካጎ ይዘውት ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች አብረው ቤተ ሙከራ ገብተው ደረጃ በደረጃ ሲያጣሩ ቆዩና በ1977 ውጤቱን አሳተሙ። ከዚያ ሁሉ ሊትር የወጣው 8 ሚሊግራም ያህል ነበር። አንድ ግራም ለመሙላት 125 እጥፍ መሆን የሚጠበቅበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ። በአንድ በኩል ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ጃፓናውያን ሕሙማን አሉ፤ እነሱ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነገር ሰጡ። በሌላ በኩል አህጉር አቋርጦ ያለውን ሁሉ ለሥራ ባልደረባ ያስረከበ ተመራማሪ አለ። ብዙዎቻችን ያለንን እውቀት እንዳይወሰድብን ደብቀን እንይዛለን። ሚያኬ ይዘውት ቢቀመጡ ኖሮ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚዘገይ ማን ያውቃል! እውቀትን ማካፈል የሚመሰገነው ስለ ደግነቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚያስጨርሰው እሱ ነው።

የተቀረው ፈጥኖ ሄደ። ከዚያች 8 ሚሊግራም ከተገኘው መረጃ በመነሣት፣ አምጄን በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የታይዋን ተወላጁ ፉ-ኩዌን ሊን በ1983 የኢሪትሮፖይቲንን ዘረመል ነጥለው አወጡ። ዘረመሉን በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ አስገብቶ ንጥረ ነገሩን በብዛት ማምረት ተቻለ፤ ሽንት ማጣራት ቀረ። ሲያትል ላይ ዶክተር ጆሴፍ ኤሽባክና ባልደረቦቻቸው ለ25 የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚዎች ሰጥተው ያዩትን በ1987 አሳተሙ። በቂ መጠን ካገኙት መካከል በየጊዜው ደም እየተለገሳቸው ይኖሩ የነበሩት ልገሳውን መተው ቻሉ። በ1989 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ዛሬ በአገራችን ዲያሊሲስ የሚያደርግ ዘመድ ያለው ሰው «የደም መርፌው» ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። የዚያ መርፌ ታሪክ በአይጥና በበግ፣ በቄራና በሽንት በኩል ያለፈ ነው።

ጎልድዋሰር ከዚህ መድኃኒት ባለጸጋ አልሆኑም። ግኝቱ በስማቸውም ሆነ በዩኒቨርሲቲያቸው የባለቤትነት መብት ሳያገኝ ቀረ። በ2010 እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው የሚታወቀው በአብዛኛው በሙያው ሰዎች ዘንድ ብቻ ነበር። ይህን የማነሣው ተስፋ እንድትቆርጡ ብዬ አይደለም፤ ወጣት ተመራማሪዎች ስለ ፈጠራ መብት ሕግ ጭምር እንዲማሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ቢሆንም ሃያ ዓመት ያስቆያቸው ገንዘቡ እንዳልነበር ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያሞቀው ክፍል። ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን እንዴት ያውቃል? አንድ ጥያቄ ሲመለስ ሌላ ይወልዳልና፣ ግሬግ ሴሜንዛ በአሜሪካ፣ የኩላሊት ሐኪሙ ፒተር ራትክሊፍ በእንግሊዝ የኢሪትሮፖይቲንን ዘረመል የሚያነቃው ምን እንደሆነ መመርመር ያዙ። የካንሰር ሐኪሙ ዊልያም ኬሊን ደግሞ በሌላ በር ገቡ፤ በዘር የሚተላለፍና ለኩላሊት ካንሰር የሚያጋልጥ አንድ በሽታን ያጠኑ ነበር። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ሰውነት የኦክስጅንን እጥረት የሚለይበትና የካንሰር ሕዋስ ለራሱ የደም ሥር እንዲበቅልለት የሚያደርግበት ዘዴ የተሳሰሩ ሆነው ተገኙ። በ2019 የኖቤል ሽልማትን አብረው ወሰዱ። ከዚያው እውቀት በአንድ በኩል በአፍ የሚዋጥ የደም ማነስ መድኃኒት ወጣ፤ በሌላ በኩል ኬሊን ላጠኑት በሽታ የሚሆን የካንሰር መድኃኒት በ2021 ተፈቀደ። የደም ማነስና ካንሰር ለየብቻ የሚጠኑ ለሚመስለው ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

መልካም መድኃኒትም ወሰን አለው። ኢሪትሮፖይቲን በኬሞቴራፒ ደማቸው ለወረደ የካንሰር ታካሚዎች ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቶ፣ በአንዳንዶቹ ዕጢው እንዲያድግና ዕድሜያቸው እንዲያጥር ሊያደርግ እንደሚችል ጥናቶች አሳዩ። በ2007 በመድኃኒቱ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ታዘዘ። ይህን ያወቁት ተመራማሪዎች የተወደደ መድኃኒትን እንደገና ለመመርመር የደፈሩ ናቸው። ከግኝቱ ያላነሰ ክብር ይገባቸዋል እላለሁ።

አሁን የካንሰርን ሕክምና ወደ ለወጡት ፀረ እንግዳ አካላት ልለፍ። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ያንኑ ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖችን ይሠራል። በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን አንድ ድንቅ ነገር ሠሩ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት የአይጥ ሕዋስን፣ መከፋፈል ከማያቆም የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ውሕዱ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካልን ያለማቋረጥ የሚያመርት ሆነ። አስቡት፤ ካንሰርን አደገኛ ያደረገው ያ አልሞትም ባይነት፣ ካንሰርን የሚያክም መድኃኒት ለማምረት ዋለ! ከአይጥ የተገኘውን የሰው ሰውነት አልቀበል ሲል፣ ግሬግ ዊንተር በ1986 አብዛኛውን ክፍሉን በሰው ፀረ እንግዳ አካል የሚተኩበትን ዘዴ አሳዩ። በ1997 ሪቱክሲማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ሊምፎማ ለሚባለው ካንሰር ተፈቀደ።

በዓመቱ ትራስቱዙማብ ተከተለ። የዚህ መድኃኒት ነገር ከሎስ አንጀለሱ ሐኪም ዴኒስ ስላሞን ጋር የተያያዘ ነው። በ1987 ስላሞንና ባልደረቦቻቸው ሄር-ቱ የተባለው ዘረመል የበዛባቸው የጡት ካንሰር ታካሚዎች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸው አሳዩ። ከአምስት ታካሚዎች በአንዷ ገደማ የሚታይ ነው። በዚያን ጊዜ ሄር-ቱን እንደሚይዘው ትራስቱዙማብ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ካንሰርን ያክማል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር፤ እሳቸው ግን ማስረጃቸውን ይዘው አለቀቁም። ዛሬ ያ እጅግ ክፉ ይባል የነበረው የጡት ካንሰር ዓይነት የሚታከም ሆኗል።

ጄምስ አሊሰንም አሉ። ቴክሳስ ውስጥ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለዱት እኚህ ሰው እናታቸውን በሊምፎማ ያጡት ገና በልጅነታቸው ነው። ይሁንና ቤተ ሙከራ ሲገቡ ዋና ጥያቄያቸው ቲ የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ እንዴት ይሠራል የሚል ነበር። ሲቲኤልኤ-4 የተባለ ፕሮቲን ይህን ሕዋስ እንደሚገታው ሲረዱ፣ ገቺውን በፀረ እንግዳ አካል ብንይዘው ሕዋሱ ካንሰርን አይዋጋም ወይ ብለው ጠየቁ። በአይጦች ላይ ዕጢው ጠፋ፤ በ1996 አሳተሙት። መድኃኒቱ ለሰው የተፈቀደው ግን በ2011 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! በመካከሉ ብዙ ኩባንያዎች ሊነኩት አልፈለጉም። አሊሰን በ2018 ከጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የመሣሪያና የገንዘብ ችግራችን እውነት ነው፤ የጥያቄ ችግር ግን የለብንም። በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ባሳተሙት ጥናት፣ በአገራችን 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ደገኞች የሂሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን በዚያ ከፍታ ሂሞግሎቢናቸው በዝቶ ደማቸው ይወፍራል። የእኛ ሰው ለምን ተለየ? ይህ የኢሪትሮፖይቲን ጥያቄ እደጃችን ያለ ነው። ደግሞም እኛ ዘንድ አብዛኛው የደም ማነስ በመርፌ የሚድነው ዓይነት አይደለም፤ ከብረት ማዕድን እጥረት፣ ከወባ፣ ከመንጠቆ ትል፣ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ ላይ መሥራት ከየትኛውም የኖቤል ሥራ አያንስም። አዲስ አበባ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አሉ። አክሊሉ ለማ ራሳቸው በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተውለው «ለምን?» ያሉ ሰው ናቸው።

ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ሒሳብንና ስታቲስቲክስን አትሽሹ፤ ባዮሎጂ እወዳለሁ ብሎ ቁጥርን የሚፈራ ተመራማሪ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የሙከራ ደብተር ያዙ፤ ያልተሳካውንም እንደተሳካው በቀኑ መዝግቡ፣ አይጦቹ ላይ «ይህኛው አይደለም» የተባለው ሁሉ ተመዝግቦ ነው ኩላሊት የተገኘው። አንድ የምርምር ጽሑፍ አግኝታችሁ ከአናቱ እስከ ግርጌው አንብቡ፤ የማይገባችሁ ቢበዛም አትደንግጡ። ለማታውቁት ተመራማሪ ኢሜይል ለመጻፍም አትፈሩ።

ዛሬ ማታ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ማወቅ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ነገ ለባዮሎጂ መምህራችሁ አሳዩ። መምህሩም መልሱን ካላወቁት፣ አብረዋችሁ እንዲፈልጉ ጠይቋቸው።