አራሷና ሕፃኑ ይታዩ

ልጅ ተወለደ። እልል ተባለ። ጎረቤት ገንፎውን በላ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። ታዲያ አደጋው አለፈ? አላለፈም! ከሚሞቱት ጨቅላ ሕፃናት አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለእናትም የመጀመሪያው ቀን ክፉ ነው።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ የወለደች እናት 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ። ቤቷ የወለደችም በ24 ሰዓት ውስጥ ትታይ። ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት እናትና ልጅ ይታዩ። የክርስትናው ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም።

ምልክቶቹን እንወቅ።

እናት፦ ብዙ ደም ሲፈሳት፣ ሲያተኩሳት፣ ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ ሲያንቀጠቅጣት።

ሕፃን፦ አልጠባ ሲል፣ ሲያተኩሰው ወይም ገላው ሲቀዘቅዝ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ እትብቱ መግል ሲይዝ።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ አይደር። ሌሊትም ቢሆን ቃሬዛው ይነሣ!

እንገሩ አይጣል፤ ሕፃኑን ከበሽታ ይከላከልለታል። ቅቤ አናውጠው፤ እትብቱንም ቅቤ አንቀባው።

አባወራ ሆይ! አራሷን ጤና ጣቢያ ማድረስ ያንተም ሥራ ነው።

ጥያቄ

1. እናትና ሕፃን መቼ መቼ ይታያሉ?
2. የሕፃን የአደጋ ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
3. በመንደራችሁ ሌሊት ቃሬዛ የሚሸከሙት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።