የተበተነ ቀልብን መሰብሰብ



የዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ስለ ትኩረት ነው።

አሰቦት ውስጥ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እስቲ ራስዎን ይታዘቡ። የስልክዎን ድምፅ አጥፍተው ኪስዎ ከተቱ፤ ሰፍ ገቡ፤ ተክቢር አሉ። ፋቲሓ ሳያልቅ ኪስዎ ውስጥ ንዝረት ተሰማዎት። ስልኩን አላነሱትም፤ ቀልብዎ ግን «ማን ይሆን?» ብሎ ከመስጂድ ወጣ። ኢማሙ ሲያሰላምቱ ሐሳብዎ የት እንደነበር አያውቁም። ቤት ሲገቡ ደግሞ ልጅዎ ቁርአኑን ዘርግቶ፣ ስልክ አጠገቡ አስቀምጦ «እየሐፈዝኩ ነው» ይልዎታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያዳምጡት ሦስት አንቀጽ እንኳ አልያዘም።

ይህን ሁሉ «የኢማን ድክመት ነው» ወይም «ልጁ ሰነፍ ነው» ብለን ከመደምደማችን በፊት የአእምሮን አሠራር እንመልከት።

ትኩረት እንዴት ይበተናል?

አእምሯችን በአንድ ጊዜ አጥብቆ ሊይዝ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ሐሳብ የሚሹ ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ የሠራን ሲመስለን፣ በእውነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልን ነው። በየዝላዩ ጊዜ ይባክናል፤ ስህተት ይበዛል፤ የቀደመው ሥራ ሐሳብም እየተከተለ ይረብሸናል። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ደግሞ ለዚህ ዝላይ የተመቹ ናቸው። የሚቀጥለው ቪዲዮ ወይም መልእክት ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ እጃችን «አንድ ብቻ ልይ» እያለ ይመለሳል።

ጉዳቱ በሒፍዝ ብቻ አይወሰንም። ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ለ3 ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ወደ ስልኩ ቢያዞር፣ መኪናው 50 ሜትር ያህል ሳያይ ሄዷል። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ መንገድ የሚሻገር ልጅ ሊኖር ይችላል።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ፈትነው ነበር። ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው የገቡት፣ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አመጡ። ሁሉም ስልኮች ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። ሆኖም ነገሩን ማንም ያለ ምንም ወጪ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ምልክት ባለው ልብስ ሰገዱ። ሶላቱን እንደጨረሱም ምልክቱ ሐሳባቸውን እንደሳበው ተናግረው፣ ልብሱ ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስና ምልክት የሌለው ሌላ ልብስ እንዲመጣላቸው አደረጉ። ልብ ይበሉ! ከማናችንም ይልቅ ቀልባቸው የጸናው ነብይ የሚረብሸውን ዕቃ ከፊታቸው አስወገዱት። እኛ ግን ስልኩን ፊታችን አስቀምጠን በጉልበታችን ልናሸንፈው እንሞክራለን።

የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ ይኸው ነው፤ ከሚረብሽዎ ነገር ጋር አይታገሉ፤ ያርቁት። አባቶቻችን በሉሕ ሲቀሩ ፊታቸው ላይ የነበረው የዕለቱ ትምህርት ብቻ ነበር። እሱን ሳይዙ አጥበው ሌላ አይጽፉበትም ነበር።

አካልም ድርሻ አለው

እንቅልፍ፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አዋቂ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። በቀን የተማርነው በአእምሯችን የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላ ደግሞ ወሬን ይጠሉ እንደነበር ተዘግቧል። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካካ ያመሸ ሰው ለሱብሒ ቢነሳም ቀልቡ አልነቃም።

ውኃ፦ አካባቢያችን ሞቃት ነው። ላብ የወሰደውን ውኃ ያልተካ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ይደክመዋል፤ ሐሳቡም ይበተናል። ልጅዎ ወደ መድረሳ ሲሄድ ንጹሕ ውኃ ያስይዙት።

ምግብ፦ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ደም ማነስን ያመጣል፤ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ ይደክማል፣ ትምህርት አይገባውም። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሥጋና ጉበት ብረት አላቸው። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ፓፓያ ከምግቡ ጋር ሲበላ ሰውነት ከእህልና ከቅጠል የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ሻይና ቡና ግን ይቀንሱታልና ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው። ልጅዎን ባዶ ሆዱን አይላኩት፤ የማሽላ ገንፎ በወተት ወይም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ይበቃዋል። ምግብ ቀርቦ ሳለ ሶላት ቢደርስ አስቀድሞ መብላት እንደሚገባ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውም የተራበ ሰው ሐሳቡ ምግቡ ላይ ስለሚሆን ነው።

ጫት፦ በሐረርጌ ስለ ትኩረት ተነጋግሮ ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ሸሪዓዊ ብይኑን ለዑለሞቻችን እንተወው። ከጤና አንጻር ግን በእንጭጩ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለጥቂት ሰዓታት ያነቃል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርት ይተካል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ እንቅልፍ ይሸሻል። ተማሪው ማታ አተረፍኩ ያለውን ሰዓት በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይከፍለዋል። በርጫው ላይ ስልክ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1ኛ. ወደ መስጂድ ሲሄዱ የሚቻል ከሆነ ስልኩን ቤት ይተዉት። ካልተቻለ ንዝረቱን ጨምረው ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

2ኛ. ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ጊዜ በቤትዎ ስልክ የማይነካበት ያድርጉት። የሁሉም ስልክ፣ የአባትም የእናትም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ወላጅ ስልኩን ይዞ ልጁን «ተው» ቢለው አይሰማውም።

3ኛ. ልጁ 20 ደቂቃ ይቅራ፣ 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ይመለስ። በዕረፍቱ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ፤ ስልክ ግን አይንካ።

4ኛ. ስልክ መኝታ ክፍል አይደር። ለሱብሒ መቀስቀሻ ከፈለጉ ተራ የማንቂያ ሰዓት ይግዙ።

5ኛ. የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) እንደመከረው ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመልከት፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ መስጠትን ልማድ አያድርጉት።

ይህን ሁሉ አድርገው ልጅዎ ለወራት በቤትም በትምህርት ቤትም መረጋጋት ካቃተው አይምቱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዓይኑ ወይም ጆሮው ደክሞ፣ ደም አንሶት ወይም ሌላ ሕክምና የሚሻ ችግር ኖሮበት ሊሆን ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። ምክንያቱ ብዙ ነውና በስልክ ብቻ አናመካኝም። ነገር ግን ተፈታኙ ስልክ ወደማይገባበት አዳራሽ ገብቶ ለሰዓታት ከወረቀቱ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ይህን መቀመጥ ቤቱ ካልተለማመደው የት ይለማመደዋል?

የሱረቱል ሙእሚኑን መጀመሪያ ከስኬታማ ምእመናን ባሕርያት ቀዳሚ አድርጎ የሚያነሳው በሶላት ውስጥ ኹሹዕን ነው። ዛሬ ማታ በመግሪብና በዒሻ መካከል ይጀምሩት፤ ልዩነቱን በራስዎ ሶላትና በልጅዎ ቂርአት ያዩታል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) የተበተነ ቀልባችንን ይሰብስብልን፤ ልጆቻችንን የቁርአን ባለቤቶች ያድርግልን። አሚን!