ስለ እግር አውራ ጣት ጉብታ

ስለ ልብ፥ ስለ ሳንባና ስለ ዐይን ብዙ ተጽፏል። ስለ እግር ጣት ግን ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ጥቂት ነው። ርእሴን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ፤ እኔም አልተቀየምኋቸውም፤ የእናቴን እግር ልብ ብዬ እስካየሁበት ምሽት ድረስ እንደ እነርሱ ነበርሁና።

እናቴ ቀሚሷን ዘወትር እስከ መሬት ታስረዝማለች። ቤተ ክርስቲያን ገብተን ጫማ ሲወለቅ ነጠላዋን ወደ ታች ትለቀዋለች። ይህን ሁሉ የጨዋነት ልማድ እያልሁ አደግሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ ደክሟት ስትመለስ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ሳጥብላት፥ በቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ቀልቶ ያበጠ ትልቅ ጉብታ አየሁ። ጣቱም ወደ ሁለተኛው ጣት ዘሞ ሊደረብበት ምንም አልቀረው። «ዐጥንት በቅሎብኝ ነው፤ ተይው ልጄ» አለችኝ። የእርሷም እናት እንዲሁ ነበሩ። ቀድሞ አንድ ወጌሻ ጣቱን በኃይል ስቦ ሊያቀናው ሞክሮ፥ ሳምንት ሙሉ መቆም ተስኗት እንደ ነበር ያን ለት ሰማሁ።

ከብዙ ልመና በኋላ ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ በመጀመሪያ ያስረዳን ነገር ዐጥንት አለመብቀሉን ነው። በእግራችን ውስጥ ከመካከሉ ተነሥተው ወደ አምስቱ ጣቶች የሚደርሱ አምስት ረዘም ያሉ ዐጥንቶች አሉ። ከእነዚህ የአውራ ጣቱ ዐጥንት ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እግር በኩል ሲርቅ፥ ጣቱ ራሱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ይዘማል። ክንዳችንን ስናጥፍ ክርናችን ሹል ሆኖ እንደሚወጣ ሁሉ፥ የሁለቱ መጋጠሚያም ወደ ጎን ይወጣል። ጉብታ የምንለው ይህ ከመሥመሩ የወጣ የዐጥንት ራስ ነው። ጫማ ሲፈትገው በላዩ ያለው ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ከረጢት ይቆጣል፤ ቅላቱና ማቃጠሉም ከዚህ ይመጣል። ጣቱ አንድ ጊዜ ከዘመመ በኋላ ጅማቶቹ እንደ ቀስት ገመድ ተወጥረው ይበልጥ ወደ ዘመመበት ይስቡታል። ወጌሻው ቢስበው ሊቃና ያልቻለው ስለዚህ ነው።

ሐኪሞች ይህን በላቲን ስሙ ሀሉክስ ቫልገስ ይሉታል፤ የሚለኩትም ሕመምተኛው ቆሞ በሚነሣው ራጅ ነው። በጣቱና ከበስተኋላው ባለው ዐጥንት መካከል ያለው ማዕዘን እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ደኅና ነው፤ ከ40 ካለፈ ግን ከባድ ይባላል። የእናቴ 32 ሆነ። ጂኦሜትሪ ምን ይጠቅማል የምትሉ ጓደኞቼ ይህን አስቡ።

መንሥኤው ምንድር ነው? ከፊሉ ውርስ ነው፤ የእግር ቅርጽ ከእናትና ከአባት ይመጣልና። ይሁን እንጂ ጫማም ድርሻ አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 በሆንግ ኮንግ ስለ ተደረገ ምርመራ አንብቤአለሁ፤ ጫማ ከሚያደርጉት ቻይናውያን ከመቶው 33ቱ ሲኖርባቸው፥ ከማያደርጉት ግን ከመቶው 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይበልጥ ያስገረመኝ በ2021 የታተመው የእንግሊዝ አገር ጥናት ነው። ተመራማሪዎች በካምብሪጅ ከተማና በአካባቢዋ ከጥንት መቃብሮች የወጡ 177 አፅሞችን መርምረው ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት በኖሩት ላይ ጉብታው ከመቶው በ6ቱ ሲገኝ፥ በ14ኛውና በ15ኛው በኖሩት ላይ በ27ቱ ተገኘ። በመካከሉ የተለወጠው ነገር ጫፉ ሹል የሆነ ጫማ መወደዱ ነው። ከገጠር መቃብር ከመቶው 3 ብቻ ሲገኝ፥ ከገዳም መቃብር 43 መገኘቱን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልሁም፤ ለካ መነኮሳቱም አምረው መታየት ይወዱ ኖሯል!

እንግዲህ ጫማችንን እንጣል ማለቴ አይደለም። በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዕድሜ ልክ መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፥ እግርን እጅግ የሚያሳብጠውን በሽታ ያመጣል። ጥፋቱ በጫማ ጥበትና ሹልነት ነው፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ሲሆን ደግሞ የሰውነት ክብደት ጣቶቹን ወደ ፊት ገፍቶ ያጨናንቃቸዋል።

ስለ ሕክምናው ሐኪሙ ያልሸሸገን ነገር ቢኖር፥ ያለ ቀዶ ሕክምና ጣቱ እንደማይቃና ነው። በጣቶች መካከል የሚገባው ለስላሳ ጎማም ሆነ ሌሊት የሚታሰረው ማቅኛ ሕመሙን ያስታግሥ ይሆናል እንጂ ዐጥንቱን ወደ ቦታው አይመልሰውም። በቀዶ ሕክምና ዐጥንቱ ተቈርጦ ወደ መሥመሩ ይገፋና በብሎን ይያያዛል፤ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፥ እብጠቱም ለወራት ይቈያል፥ አንዳንዴም ጉብታው ይመለሳል። ስለዚህ ለመልክ ሲባል አይደረግም፤ ሕመሙ መራመድ ሲከለክል ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን በጉብታው ላይ ቍስል ካየ አንድ ቀንም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለእናቴ የታዘዘላት ሰፊና ዝቅ ያለ ጫማ፥ ሲያብጥም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ነበር። ጫማዋ መጥበቡን ለማወቅ ወረቀት ላይ አቁሜ እግሯን በእርሳስ ከበብሁት፤ ሥዕሉን ቈርጬ ጥቍር ጫማዋን ከላዩ ባስቀምጠው ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ተርፎ ወጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ውስጥ ነበርሁ?» ብላ ዝም አለች።

ከዚያም የራሴን ለካሁ። ባለፈው ዓመት ለበዓል ካልገዛሽልኝ ብዬ ያስቸገርኋት ባለ ሹል ጫፍ ጫማ ከእግሬ በአንድ ጣት ያህል ጠበበ። በግራ እግሬም ከአውራ ጣቴ ሥር ትንሽ ቅላት አለ፤ አያቴም እናቴም በዚያው ቦታ ነው የጀመራቸው።

እናቴ አሁን ሰፊ ሸራ ጫማ ታደርጋለች። ጣቷ እንደ ዘመመ ቢሆንም ቅላቱ በሦስት ሳምንት ቀነሰ፤ ማታ ማታም እግሯን ይዛ አትቀመጥም። የእኔን ጫማ ለታናሽ እኅቴ ልሰጣት አስቤ እግሯን በወረቀት ብለካው ለእርሷም ጠበባት። ጫማው ከአልጋው ሥር እንደ ተቀመጠ ነው።